የግራው ጎማ ብሎን

አዳማ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለሃዊ፣

ይህን ፖስታ ደንግጠሽ እንዳትከፍችው። ሰው አልሞተም፣ ቤት አልተቃጠለም። እኔም ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ እንደ ልማዱ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። አባትሽም ይበላል፣ ይሄዳል፣ ይከራከራል። የጌታ ሰላም ባለሽበት በዶሃ ይብዛልሽ። ሆስፒታሉም፣ አብረውሽ የሚኖሩት ልጆችም፣ ያ እንቅልፍ የሚነሳሽ የማታ ተራም ደህና ይሁኑልሽ።

ስልክ እያለ እማዬ ደብዳቤ መጻፍ ምን አመጣባት እንደምትይ አውቃለሁ። አንቺ ስትደውዪ አባትሽ የት እንደሚቀመጥ ታውቂያለሽ? ጎኔ። ገና "ሄሎ" ሳልል "ስፒከር ላይ አድርጊው" ይላል። መልእክት ልላክልሽ ብል ደግሞ ስልኩ የጋራችን ነው፤ ያንቺን ፎቶ ለማየት ከእጄ አይለየውም። እንግዲህ የአባትሽ ጓደኛ የመሐመድዘይን ልጅ ሃፍሳ እረፍቷን ጨርሳ ወደዚያው ልትመለስ ስለሆነ ከጭኮውና ከበርበሬው ጋር ይህን ወረቀት በእጇ ልኬልሻለሁ። ጭኮውን ከእሷ ጋር ተካፈሉት፤ ጉዲቱ አክስትሽ ከመልካሳ ያመጣችው ነው። ደብዳቤውን ግን ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ነገሬ ስለ አባትሽና ስለ አይሱዙዋ ነው። በመስከረም ደውለሽ "ለገና እመጣለሁ" ስትይን አባትሽ ምን እንዳለሽ ታስታውሻለሽ። "በወሰድኩሽ መኪና እኔው ራሴ ከቦሌ አመጣሻለሁ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፤ ታክሲ እንዳትይዢ" አለሽ። ወደ ዶሃ የሄድሽ ቀን ሻንጣሽን ከኋላ ከሽንኩርት ማዳበሪያው ጎን ጭኖ፣ እኛን ጋቢና ውስጥ አጨናንቆ የወሰደሽ ትዝ ብሎሽ ነው መሰለኝ ስቀሽ "እሺ አባዬ" አልሽው። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እሱ ሲዘፍን ዋለ። እኔ አልሳቅሁም፣ አልዘፈንኩምም። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ግንቦት ላይ፣ አንቺ ሳትሰሚ ያለፈ ነገር አለ። አባትሽ አንድ ጠዋት ጉዲቱን ሊጠይቅ በአይሱዙዋ ወደ መልካሳ ተነሣ። መልካሳ ስንት መንገድ ነው? ለምሳ ይመለሳል ብዬ ወጥ ሠርቼ ጠበቅሁት። ምሳ አለፈ። ስልኩን አያነሣም። ጉዲቱ ጋ ብደውል "እዚህ አልመጣም" አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። ኦሊቃ የሚባል ባለጋሪ ነው፤ የሚደውልልኝ ከባቱ ነው። "እናቴ፣ አንድ ሽማግሌ ሐይቁ ዳር መኪናቸውን አስነሥተው ቁጭ ብለዋል። ሽንኩርት የሚጫንበት የት ነው ብለው ይጠይቁኛል፤ ከነገርኳቸው በኋላ መልሰው ይጠይቁኛል። ስልካቸው ላይ መጀመሪያ ያገኘሁት ስም ያንቺ ነው" አለኝ። ወደ መልካሳ የወጣ ሰው፣ ልጄ፣ ተቃራኒውን በሞጆ ዞሮ፣ ቆቃንና መቂን አልፎ፣ የድሮ የሥራ መንገዱን ይዞ ባቱ ገብቷል።

መሐመድዘይን ጋራዡን ጥሎ በሚኒባስ ሄደ። አባትሽን ጎኑ አስቀምጦ፣ አይሱዙዋን ራሱ እየነዳ ይዞልኝ መጣ። አባትሽ ከጋቢናው ሲወርድ በእጁ አሳ አንጠልጥሏል። "አሳ አማረኝና ሄድኩ" አለኝ። አሳውን ጠበስኩት። መሐመድዘይን ግን ሊወጣ ሲል በር ላይ ቆሞ፣ ስሜን ጠርቶ፣ "ውዴ፣ ይሄ ሰው ከእንግዲህ መሪ አይያዝ" ብሎኝ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ያየሁትን ሁሉ እዚህ አልደረድረውም፤ ስትመጪ ታዪዋለሽ። አንዱን ብቻ ልንገርሽ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጸልይ ተብሎ ተነሣ። መሃል ላይ ዝም አለ። ሰዉ ሁሉ መንፈስ የነካው መስሎት አብሮት ጸጥ አለ። እኔ ከሴቶቹ ወንበር አየዋለሁ፤ ዓይኑን ገልጦ የት እንዳለ ይፈልጋል። "አሜን" ያልኩት እኔ ነኝ። ጉባኤው ተከተለኝ፤ እሱም ተቀመጠ። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስለው "ሐኪም ልጅ አለችኝ፣ ምን ሌላ ሐኪም ያስፈልገኛል" ይለኛል። ነርስ ናት ብለው አይሰማም።

ከባቱ በተመለሰ ማግስት "የኋላ ፍሬኑ ነክሷል፤ አትነዳም" ብሎ መኪናዋን ከማንጎው ሥር አቆማት። ነክሶ እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ ተመስገን አልኩ። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲመታት ከረመ፣ በኋላ እውነትም ነከሰ። እንደዚያው ቆማ ብትቀር እኔ ደስታዬ ነበር። ዶሮዎቹም ሥሯ መጠለያ አግኝተው ነበር። አንቺ ደወልሽ፣ አባትሽ ቃል ገባ፣ በነጋታው ክሪኩን ከጓዳ አወጣ።

የኋላውን አንሥቶ ድንጋይ ላይ ሰቀላትና በቀኙ ጎማ ጀመረ። ሲሠራ ብታዪው ትኮሪበት ነበር። ብሎኖቹን በሽቦ ብሩሽ ጠረጋቸው፤ ነጭ ጋዝ አጠጣቸውና አሳደራቸው። በማግስቱ መፍቻውን ገጥሞ መጀመሪያ ወደ ማጥበቂያው በኩል ትንሽ ገፋ አደረገው። "ዝገት እንዲህ ሲያደርጉት ይሰነጠቃል" አለኝ። ከዚያ መልሶ ሲስበው ክርር ብሎ ለቀቀ። ታምቡሩ ከፍሬን ሸራው ጋር ተጣብቆ እምቢ ሲለውም አልተናደደም። በትንሿ መዶሻ ዙሪያውን እየዞረ መታ ያደርጋል፣ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል፤ ደግሞ መታ ያደርጋል። ድምፁ ሲለወጥ እኔም ሰማሁት። በሁለት እጁ ሳበው፤ ታምቡሩ ወጣ፤ ቀይ የዝገት ዱቄት እግሩ ላይ ፈሰሰ። ያኔ ሳቀ። ከግንቦት ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም።

እኔም አብሬው ሳቅሁና ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ቀኙ ከተፈታ ግራውም ይፈታል። ግራው ከተፈታ መኪናዋ ትነሣለች። መኪናዋ ከተነሣች አባትሽ በዚያ ፈጣን መንገድ፣ በነዚያ ባለተሳቢዎች መሃል አዲስ አበባ ሊወጣ ነው። መሃል ላይ እንደ ጸሎቱ ቢጠፋበትስ? የሰው ልጅ ቢገጭስ? አንቺን አሳፍሮ ሲመለስ ቢሆንስ? አንቺን ለማየት የማልጓጓ ይመስል የገናን መምጣት መፍራት ጀመርኩ።

ቁልፉን ደብቂበት ትይኝ ይሆናል። መሐመድዘይንም እንደዚያ ብሎኛል። እኔ ግን አልቻልኩም። በዚህ ሰፈር ገመዳ ብለሽ ብትጠይቂ የትኛው ገመዳ ይሉሻል፤ ሾፌሩ ካልሽ ግን ሕፃኑ ሳይቀር ቤታችንን ያሳይሻል። ቁልፉን ከኪሱ ያወጣሁ ቀን ምን እንደወሰድኩበት ስለማውቅ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ስለዚህ ፊት ለፊት ያልቻልኩትን በጓሮ ሞከርኩት። ነጭ ጋዝ የሚያስቀምጥባትን ሃይላንድ ደፋሁና ውሃ ሞላሁባት። መልኩ ያው ነው፤ ሽታውም ፕላስቲኩ ላይ ስለቀረ ያታልላል። አባትሽ በየጠዋቱ የግራውን ብሎኖች ውሃ ያጠጣቸዋል፣ እኔ በመስኮት አያለሁ።

የጸሎት ቡድናችንም አልቀረም። አያንቱ፣ ያቺ የዝማሬ መሪዋ፣ አባትሽን መኪና ሥር ተኝቶ ብታየው አዘነችለትና "ወንድሞችና እህቶች፣ ስለ ጋሽ ገመዳ መኪና እንጸልይ" አለች። ጎማው ላይ እጅ ሊጭኑ ምንም አልቀራቸውም። የታሰረውን ፍታ፣ የተዘጋውን ክፈት እያሉ ይጸልያሉ። እኔ መሃላቸው ቆሜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጌታ ሆይ እባክህ እንዳትፈታው እላለሁ። እንዲህ ያለ ጸሎት ጸልዬ አላውቅም። የሁላችንንም የሚሰማ አምላክ በዚያ ቀን ምን እንዳለን እንጃ።

አሁን የምነግርሽን በደንብ እንድትረጂ ስለ አይሱዙ አንድ ነገር ማወቅ አለብሽ። ምናልባት ከእሱ ሰምተሽው ይሆናል። የቀኝ ጎማዋ ብሎን እንደ ማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ሲያዞሩት ይፈታል። የግራ ጎማዋ ግን ተቃራኒ ነው፤ ወደ ቀኝ ካልዞረ አይፈታም። ይህን የማያውቅ ሰው እፈታለሁ ብሎ ሲታገል የባሰ ያጠብቀዋል። እኔ ሾፌር አይደለሁም፤ ግን አንቺን አርግዤ ቆቃ አጠገብ የግራው ጎማ ፈንድቶብን ነበር። እሱ ክሪኩን ሲያስተካክል እኔ ላግዝ ብዬ መፍቻውን ይዤ ታገልኩ። በሳቅ ሞተ። "ውዴ፣ ኧረ እያሰርሽው ነው፤ በዚህ በኩል ሁሉም ነገር ተገላቢጦሽ ነው" አለኝ። ረዳት በቀጠረ ቁጥር መጀመሪያ የሚያስተምረው ይህንኑ ነበር። ይህ ለአባትሽ እንደ ስሙ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ የግራው ጎማ ብሎኖች ወጥተው ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ አንድ ብቻ ቀርቷል። ውሃዬ አልረዳኝም ማለት ነው። አባትሽ መፍቻው ላይ ረጅም የብረት ቱቦ ሰክቶ፣ እግሩን ድንጋዩ ላይ አስደግፎ፣ ያችን የቀረችውን በሙሉ ክብደቱ ይስባል። ወደ ግራ። ዘንቢሌን እንደያዝኩ ቆምኩ። መጀመሪያ ትንሽ አጥብቆ የሚፈታበት ዘዴው ነው ብዬ ጠበቅሁ። መልሶ ግን አልሳበውም። ደጋግሞ ወደ ግራ፣ ወደ ግራ ብቻ። ብሎኑ ይጮኻል፣ ላቡ በአገጩ ይወርዳል።

ምን እንደተሰማኝ ሳልደብቅ ልጻፍልሽ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። እንደዚህ ከሳበው እስከ ዳግም ምጽአት አይፈታም አልኩ። ወዲያው ደግሞ ልቤ ተሰበረ። ሌሎቹን ጠዋት አስታውሶ በትክክል የፈታ ሰው ከሰዓት ላይ ረስቶታል ማለት ነው። ጸሎቱ ቢጠፋው፣ የመልካሳ መንገድ ቢጠፋው ችያለሁ። ይሄኛው ግን መጨረሻው መሰለኝ። ቤት ገብቼ ዘንቢሉን ሳላራግፍ ተቀመጥኩ።

በዚያው ሳምንት መሐመድዘይን መጣ። አባትሽ ሲስብ አየውና አፉን ከፈተ፤ እኔ ከኋላ ሆኜ በዓይኔ ስለምነው ዘጋው። "ገመዳ፣ ኦክስጅኑን አምጥቼ ላሙቀው፤ በአንዴ ይለቃል" አለው። አባትሽ እንኳን እሺ ሊል፣ "ተወው፤ በእሳት የተፈታ ብሎን ዳግም አይታመንም። በእጄ እፈታዋለሁ" ብሎ ተቆጣ። ጓደኛው ላግዝህ ሲለው እምቢ ያለበትን ቀን አላውቅም፤ መንገድ ላይ ስንት ጊዜ ተረዳድተዋል። መሐመድዘይንን ልሸኘው ስወጣ፣

"እያጠበቀው ነው እኮ" አለኝ በሹክሹክታ።

"አይቻለሁ።"

"አልንገረው?"

"ዋ! ብትነግረው አልወድህም" አልኩት።

ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ብዙ ዓመት አብረው የነዱ ሰዎች ናቸው።

እንግዲህ ትናንት ቱቦው አመለጠና ግንባሩን መታው። ደሙ ቅንድቡ ላይ ሲወርድ አይቼ ጮህኩ። ብዙ አይደለም፣ አትደንግጪ፤ አጥቤ በፋሻ አሰርኩለት። ከማንጎው ሥር ወንበር ላይ አስቀምጬው ደሙን ስጠርግ ከዚያ በላይ ዝም ማለት አቃተኝ። በዚህ ብሎን ምክንያት ዓይኑ ቢጠፋ ለማን አቤት እላለሁ?

"ገመዳ፣ ይሄ የግራው ጎማ አይደለም እንዴ?" አልኩት።

"ነው።"

"ታዲያ ወደ የት ነው የምታዞረው?"

ውሃውን ጨርቁ ላይ ሳፈስ ቆየሁ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ፤ ያ የድሮ የሾፌር ዓይኑ ነው፣ ምንም የጠፋው ነገር የለም።

"ውዴ፣ የግራ ብሎን ወደ የት እንደሚፈታ የሚጠፋኝ ይመስልሻል?"

"ካልጠፋህ ለምንድነው የምታጠብቀው?"

"አንቺስ ነጭ ጋዙን በውሃ ለምን ቀየርሽው?"

ጨርቁ ከእጄ ወደቀ። መቼ እንዳወቀ ጠየቅሁት። "የቀየርሽው ቀን" አለኝ። "ውሃና ጋዝ የማይለይ ሾፌር አግብተሻል? ደግ አደረግሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ሌሎቹን ብሎኖች እጄ ቀድሞኝ ፈታቸው፤ ልማድ ነው። አንዷ ስትቀር ግን ደነገጥኩ።"

"ለምን ደነገጥክ?"

"ከተፈታች መንዳት አለብኝ" አለኝ።

ከዚያ የባቱን ነገር ነገረኝ፤ እኔ አልጠየቅሁትም። አሳ አላማረውም ነበር። መኪናዋን መንዳቱ አልጠፋውም፤ ማርሹም ፍሬኑም በእጁና በእግሩ ነበሩ። የጠፋው ለምን እንደወጣና ዘመኑ መቼ እንደሆነ ነው። ሽንኩርት ሊጭን የሄደ መስሎት፣ መጫኛው ቦታ ላይ ሆቴል ቆሞ ሲያይ የት እንደገባ ግራ ገባው። "ያ ባለጋሪ ሲያናግረኝ ልጅ ሆኜ የጠፋሁ ጊዜ እንኳን እንደዚያ አልፈራሁም" አለኝ። እሱ ፈራሁ ሲል ሰምቼ አላውቅም፤ አንቺም አልሰማሽም። "ፍሬኑ ነክሷል ያልኩሽም ዝም ብዬ ነበር፤ ኋላ ነው እውነት የሆነው። ሃዊን ግን አመጣሻለሁ ብያለሁ። አባቷ መንዳት ፈራ ከምትባል መኪናዋ እምቢ አለች ብትባል ይሻለኛል። መኪና እምቢ ይላል፤ ማንም አያፍርበትም።"

እስከ ትናንት የሚያጽናናኝ ነገር ቢኖር እሱ አያውቅም ማለቴ ነበር። የሚረሳ ሰው መርሳቱን ስለማያውቅ ሸክሙ ለኔ ነው እያልኩ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ለካ እሱ ሁሉንም ያውቃል። ከግንቦት ጀምሮ ይህን ብቻውን ይዟል፤ አሁን ደግሞ በማለዳ ተነሥቶ፣ ጎረቤት እንዲሰማው አድርጎ ይዶሽታል። እኔ ከእሱ ስደብቅ፣ እሱ ከእኔ ሲደብቅ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ተራርቀን ከረምን። ብሎኑን አለመርሳቱ ሊያስደስተኝ ሲገባ የበለጠ አስለቀሰኝ። አለቀስኩ፤ እሱም ፋሻውን እየነካካ፣ "በቃ በቃ፣ ዶሮዎቹ ያዩሻል" አለኝ።

ሐኪም ዘንድ እንሂድ አልኩት ደግሜ። "ሃዊ ትምጣና ከእሷ ጋር እሄዳለሁ" አለኝ። ይህን ቃል ከአፉ አውጥቻለሁና አንቺ አደራሽን ፈረቃሽን አስተካክዪ፣ አለቆችሽን ለምኚ፣ ብቻ ሳትቀሪ ነዪ። እዚያ ሆስፒታል ውስጥ ስለዚህ ነገር የሚያውቅ ሰው ካለም ጠይቂልኝ፤ መድኃኒት ይኑረው አይኑረው፣ ምን ያህል ጊዜ እንዳለን። እውነቱን ጻፊልኝ። በስልክ ግን እንዳትነግሪኝ፤ ስፒከሩን ታውቂዋለሽ።

ቦሌ የሚቀበልሽ መሐመድዘይን ነው፣ በራሱ መኪና። አባትሽ ጎኑ ይቀመጣል፤ ምናልባት መንገዱን ሁሉ ፍሬን ያዝ፣ ማርሽ ቀንስ እያለ ያስቸግረዋል። "አይሱዙዋ አስቸግራኝ ነው" ይልሻል። እሺ በይው። አትዘኚለት፣ እጁንም ይዘሽ አትተክዢ፤ ያውቅብሻል። እኔ እንደጻፍኩልሽ እንዳይደርስበት። ስትደውዪ ደግሞ ብሎኑ እንዴት ሆነ ብለሽ ጠይቂው። ጥያቄሽን ይወደዋል። ስለ ዝገት ረጅም ወሬ ያወራልሻል፤ ሳትሰለቺ ስሚው።

ጋብቻሽን፣ ቤት መሥራቱን፣ ያንን ስለ ሥራ ቅያሪ ያማከርሽኝን ነገር ሁሉ ስትመጪ እንነጋገርበታለን። አሁን ራሴ ሌላ አይይዝም፤ ይቅር በይኝ።

አባትሽ ይህን ደብዳቤ አያውቅም። ለሃፍሳ ግን በቃል እንድታደርስልሽ የላከባት አለ። እንዳትረሳው እኔ እዚህ ላስፍረው፦ "አንድ ብሎን ብቻ ቀርቶኛል። እሷ ሳትመጣ ትፈታለች። ታክሲ እንዳትይዝ በያት።"

በሰው አገር የምትደክሚበትን እጅሽን ጌታ ይባርክልሽ። የታመመ ሁሉ ባንቺ እጅ ይሻለው። በምድርም በሰማይም መንገድሽን ይጠብቅልሽ፤ በሰላም አግብቶ በእቅፌ ያኑርሽ።

የምትወድሽ እናትሽ
ውዴ

ይህን ጨምሬ ጻፍኩ፦ ፖስታውን ላሽግ ስል የመዶሻው ድምፅ ከግቢ መጣ። ፋሻውን ግንባሩ ላይ እንዳሰረ ደግሞ ጀምሯል። አጥሩ ላይ የጎረቤት ሰው ቆሞ "ጋሽ ገመዳ፣ አልፈታም አለ?" ይለዋል። "ትንሽ ቀረው" ይላል እሱ። ወጥቼ አጠገቡ ቆምኩ። ቱቦው ደግሞ አምልጦ እንዳይመታው ጫፉን አብሬው ያዝኩለት። አየኝ። ከዚያ ሁለታችንም ወደ ግራ ሳብን።